ኪካድ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ሳይበላሽ እንዴት ይከፈታል? ከባዶ ፎልደር እስከ ዝግጁ ቦርድ

«ስኬማቲኩን ጨርሼ ወደ ፒሲቢ ላሻግረው ስል እምቢ አለኝ።» «ቤት የሠራሁትን በፍላሽ ወስጄ ላብ ውስጥ ስከፍተው አልከፈትም አለ።» «ገና አንድ መስመር ሳልስል ዲአርሲ ቀይ በቀይ አደረገው።» ኪካድን፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፊያ ፕሮግራሙን፣ የሚጀምሩ ሰዎች የሚያነሱት ችግር ከእነዚህ ብዙም አይርቅም። (ስኬማቲክ የሰርኪዩቱ ንድፍ ነው፣ ፒሲቢ እቃዎቹ የሚበየዱበት ቦርድ፣ ዲአርሲ ደግሞ ቦርዱ ሕጎቹን መጠበቁን የሚፈትሽ ምርመራ።) ሦስቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲከፈት በችኮላ ከታለፉት ነገሮች። ሰው ሬዚስተር ለማስቀመጥ ይቸኩላል፣ ፎልደሩንና ሕጎቹን በኋላ አስተካክላለሁ ይላል፣ በኋላ ግን ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ተያይዟል።

ስለዚህ እዚህ ስለ ትራክ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ስላሉት የመዳብ መስመሮች፣ አሳሳል አላወራም። ትራክ ለመሳል ዝግጁ የሆነ ቦርድ እስክታገኙ ድረስ ያለውን ብቻ፣ በቅደም ተከተል እንሄዳለን። የምጠቅሳቸው ሜኑዎች የቨርዥን 8 እና 9 ናቸው። 7ም ላይ አብዛኛው ያው ነው።

ለምሳሌ የምንጠቀመው ቀላል ሰርኪዩት ነው፦ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ በኤንኢ555 ቺፕ ኤልኢዲ የሚያበራና የሚያጠፋ። እቃዎቹ፦ 1 ኪሎኦም፣ 68 ኪሎኦምና 470 ኦም ሬዚስተሮች፣ 10 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር፣ 10 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ኤልኢዲ፣ ቺፑ፣ እና ለባትሪ ሁለት እግር ያለው ኮኔክተር። በእነዚህ ዋጋዎች ኤልኢዲው በሰከንድ አንዴ ገደማ ብልጭ ይላል።

## ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት

ሰርኪዩቱን ወረቀት ላይ ሳሉት። ኪካድ የምታስቡበት ቦታ አይደለም፣ ያሰባችሁትን የምታስገቡበት ነው። የቺፑን 8 እግሮች በቁጥራቸው ጻፉ፣ የትኛው የት እንደሚሄድ አስምሩ።

እቃዎቹን እጃችሁ ላይ አድርጉ። ካልገዛችሁ ቢያንስ ዳታሺታቸውን (የአምራቹን መግለጫ) አውርዱ። በተለይ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩን በእግሮቹ መካከል ያለ ርቀት በማስመሪያ ለኩ፤ 2 ነው ወይስ 2.5 ሚሊ ሜትር? ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ደረጃ 8 ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ቦርዱን ማን እንደሚሠራው ወስኑ። ቤት ውስጥ ትርፍ መዳቡን በፌሪክ ክሎራይድ እያስበላችሁ የምትሠሩት ከሆነ መስመሮቹ ወፈር፣ ክፍተቶቹም ሰፋ ማለት አለባቸው። ፋብሪካ የሚሠራው ከሆነ ቀጭን ይቻላል። ይህን ሳትወስኑ የቦርድ ሕግ ማውጣት አይቻልም።

## ደረጃ 1፦ ኢንስቶል ማድረግና ቨርዥን መስማማት

1. ኪካድን ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ነጻ ነው፣ ክራክ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ክራክ ያለው ኪካድ አለኝ የሚላችሁ ሰው ካለ ፍላሹን አትቀበሉት።
2. የዊንዶውሱ ፋይል ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው። ኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ያወረደ ጓደኛ ፈልጋችሁ ኮፒ አድርጉ። ኢንስቶል ለማድረግም ሆነ ለመሥራት ኔት አይፈልግም።
3. ኢንስቶል ሲደረግ የክፍሎች ዝርዝር ይመጣል። የሲምቦልና የፉትፕሪንት ላይብረሪዎቹን፣ ማለትም ለስኬማቲኩና ለቦርዱ የሚሆኑትን የእቃ ሥዕሎች ስብስብ፣ ምልክት በፍጹም አታንሱ። ሃርድ ዲስካችሁ ከጠበበ የ3ዲ ሞዴሎቹን መተው ትችላላችሁ፤ ብዙ ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ቦርዱ ያለ እነሱም ይሠራል፣ በ3ዲ ስታዩት ብቻ እቃ አልባ ሆኖ ይታያል።
4. ከሌላ ሰው ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ቤትም ላብም የምትሠሩ ከሆነ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቨርዥን መኖሩን አረጋግጡ።

ይሄ አራተኛው ቀልድ አይደለም። በ9 ሴቭ ያደረጋችሁትን ፋይል 8 አይከፍተውም። ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍም የለም። 8 የሠራውን ግን 9 ይከፍታል፣ አንዴ 9 ላይ ሴቭ ካደረጋችሁት ደግሞ ያው መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የላቡ ኮምፒውተር ላይ ያለው አሮጌ ከሆነና ማደስ ካልተፈቀደላችሁ፣ ቤታችሁም አሮጌውን ጫኑ።

ከተበላሸ፦ «ይህ ፋይል በአዲስ ቨርዥን የተሠራ ነው» የሚል መልእክት ካያችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፣ አትደንግጡ። መድኃኒቱ አዲሱን ኪካድ መጫን ብቻ ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ የቨርዥን ቁጥሩን የምትቀይሩ ጀግኖች አላችሁ፤ አታድርጉት።

## ደረጃ 2፦ ፎልደሩን ማዘጋጀት

1. ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ዋና ፎልደር ክፈቱ። ዴስክቶፕ ላይ አይሁን፣ ዳውንሎድስ ውስጥማ በጭራሽ።
2. ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ክፍት ቦታም አታስገቡ። ኪካድ ራሱ የአማርኛ ስም ሊቀበል ይችላል፣ ግን ፋይሉ በኋላ ወደ ሌላ ፕሮግራምና ወደ ፋብሪካ ድረ ገጽ ይሄዳል፤ እዚያ ምን እንደሚያጋጥመው አይታወቅም።
3. በራሱ ወደ ክላውድ የሚጫን ፎልደር ውስጥ አትሥሩ። ሥራው ሲያልቅ ኮፒውን እዚያ አስቀምጡ እንጂ በየደቂቃው የሚቀያየር ፋይል ላይ ሁለት ፕሮግራም እንዲሻማ አታድርጉ።
4. ፍላሽ ላይ በቀጥታ አትሥሩ። ፍላሹ በመሀል ቢነቀል ሥራው አብሮ ይነቀላል።

## ደረጃ 3፦ ፕሮጀክቱን መክፈት

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ኪካድ አንድ ፕሮግራም አይደለም፣ የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ስኬማቲክ ኤዲተሩ ለብቻው፣ ፒሲቢ ኤዲተሩ ለብቻው ከዊንዶውስ ሜኑ ሊከፈቱ ይችላሉ። ለብቻ ከከፈታችኋቸው ግን አይተዋወቁም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፕሮጀክት ማኔጀር የሚባለው፣ «ኪካድ» የሚለው ዋናው አይከን ሲነካ የሚመጣው መስኮት ነው። ሁልጊዜ በእሱ ግቡ።

1. ዋናውን ኪካድ ክፈቱ።
2. ፋይል ውስጥ ገብታችሁ ኒው ፕሮጀክት በሉ። አቋራጩ ኮንትሮል እና ኤን ነው።
3. ያዘጋጃችሁትን ዋና ፎልደር ምረጡ።
4. መስኮቱ ላይ «ለፕሮጀክቱ አዲስ ፎልደር ፍጠር» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት ይኑርበት። ካነሳችሁት ፋይሎቹ ከሌሎች ፕሮጀክቶች ጋር ተደባልቀው ይቀመጣሉ።
5. ስሙን ስጡና ሴቭ በሉ። ስሙ አጭርና የሚገልጽ ይሁን። «ኒው1» ወይም «ፋይናል ፋይናል» የሚባል ፕሮጀክት ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደነበር ማንም አያስታውሰውም።

አሁን በግራ በኩል ሦስት ፋይሎች ታያላችሁ፦ የፕሮጀክቱ፣ የስኬማቲኩና የቦርዱ። ሦስቱም አንድ ስም ነው ያላቸው፣ የሚለያዩት በመጨረሻቸው ብቻ ነው። ስማቸው አንድ መሆኑ ነው አንድ ፕሮጀክት የሚያደርጋቸው። አንዱን ብቻ በፋይል ኤክስፕሎረር ስሙን ከቀየራችሁ ኪካድ «የለም» ብሎ ባዶ ይከፍትላችኋል።

ስም መቀየር ከፈለጋችሁ፦ ከፕሮጀክት ማኔጀሩ ፋይል ውስጥ ሴቭ አዝ ተጠቀሙ። ሁሉንም አንድ ላይ በአዲስ ስም ይገለብጥላችኋል። አሮጌውን በኋላ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ከተበላሸ፦ ስኬማቲኩን ወደ ቦርዱ ለማሻገር ኤፍ8 ስትጫኑ «ኤዲተሩ ለብቻው ስለተከፈተ ቦርዱን ማደስ አይቻልም» የሚል ነገር ካመጣ፣ ስኬማቲኩን ለብቻው ነው የከፈታችሁት። ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉት። ፕሮጀክት ፋይል ከሌለው፣ በዋናው ኪካድ አዲስ ፕሮጀክት በዚያው በስኬማቲኩ ስም ሌላ ቦታ ክፈቱ፣ ከዚያ ኪካድን ዘግታችሁ የድሮውን የስኬማቲክ ፋይል በአዲሱ ባዶ ፋይል ላይ ደርቡት። ሥራችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

## ደረጃ 4፦ ላይብረሪ

ስኬማቲኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱ ኪካድ የሲምቦል ላይብረሪ ሰንጠረዡን እንዴት ላዘጋጅ ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ምርጫ አለ። የመጀመሪያውን፣ የሚመከረው ተብሎ የተጻፈበትን ምረጡና እሺ በሉ። ፒሲቢ ኤዲተሩን ስትከፍቱም ስለ ፉትፕሪንት ያንኑ ይጠይቃል፣ መልሱም ያው ነው።

ከተበላሸ፦ በስህተት ባዶውን ከመረጣችሁ ሬዚስተር እንኳን ስትፈልጉ አይመጣም። ኪካድን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ፣ ከዚያ ሮሚንግ፣ ከዚያ ኪካድ በሚሉት ፎልደሮች ውስጥ የቨርዥኑን ቁጥር የያዘ ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ሲም-ሊብ-ቴብል የሚባለውን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ አንሱት። ኪካድን መልሳችሁ ስትከፍቱ ጥያቄው እንደገና ይመጣል። ለፉትፕሪንቱ ደግሞ ኤፍፒ-ሊብ-ቴብል ነው።

ከኔት ያወረዳችሁት ሲምቦል ካለ፦ ለምሳሌ ኪካድ ውስጥ የሌለ ሴንሰር። ዳውንሎድስ ውስጥ ትታችሁ አታገናኙት። ፕሮጀክቱ ውስጥ ሊብ የሚባል ፎልደር ክፈቱ፣ ፋይሎቹን እዚያ አድርጉ። ከዚያ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ማኔጅ ሲምቦል ላይብረሪስ ስትገቡ ሁለት ገጽ አለ፤ አንዱ ለሁሉም፣ አንዱ ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ። የፕሮጀክቱን ምረጡ። መንገዱ በዶላር ምልክት ጀምሮ ኬ-አይ-ፒ-አር-ጄ-ኤም-ኦ-ዲ የሚሉትን ፊደላት ከያዘ ልክ ነው፤ «ይህ ፕሮጀክት ያለበት ፎልደር» ማለት ነው። በሲ ድራይቭ የሚጀምር ከሆነ ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይገኝም።

## ደረጃ 5፦ የስኬማቲኩ ገጽ

1. ፋይል ውስጥ ፔጅ ሴቲንግስ ግቡ። ኤ4 በቂ ነው። ርዕስ፣ ቀንና የእትም ቁጥር ጻፉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ቦርዱ ሁለት ጊዜ ከተሻሻለ በኋላ የታተመው ወረቀት የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ይሄ ብቻ ነው።
2. ግሪዱን (እቃና ሽቦ የሚያርፉበትን የነጥቦች መረብ) 50 ሚል ላይ አድርጉ፤ በሚሊ ሜትር 1.27 ነው። ከዚያ አትንኩት።

ግሪዱን የሚያሳንስ ሰው ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጽሑፉ አልገጠመልኝም። ጽሑፍ ለማስተካከል ብሎ ያሳንሰዋል፣ መመለሱን ይረሳል፣ ቀጥሎ ያስቀመጠው ሬዚስተር ከግሪዱ በፀጉር ይወጣል። ሽቦው የነካ ይመስላል፣ አልነካም። ስክሪን ላይ በዓይን አይለይም። የእግሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ካልጠፋች አልተገናኘም ማለት ነው፤ እሷን ተመልከቱ። እቃው ከግሪድ ከወጣ ምረጡትና ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ አላይን ወደ ግሪድ በሉት።

አቋራጮቹ አልሠሩም? ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ መሆኑን እዩ። ኤ ስትጫኑ «አ» የሚወጣ ከሆነ ኪካድ ትእዛዙን አያውቀውም። ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ይህን የማያውቅ ሰው ሶፍትዌሩን ሁለቴ አጥፍቶ ሲጭን ይውላል።

## ደረጃ 6፦ እቃዎቹንና ፉትፕሪንታቸውን ማስገባት

እቃ ለማምጣት ኤ፣ የኃይል ምልክት ለማምጣት ፒ፣ ሽቦ ለመሳል ደብልዩ፣ ለማዞር አር። ለዛሬ እነዚህ ይበቃሉ።

1. ኤ ተጭናችሁ ቺፑን ፈልጉ። ኤንኢ555 ብላችሁ ስትጽፉ ብዙ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ፒ ያለበትን ምረጡ። ፒው ባለ ረጅም እግሩ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ነው። ዲ ያለበት በቦርዱ ገጽ ላይ የሚበየደው ትንሹ ነው። ስኬማቲኩ ላይ ሁለቱም ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፣ ቦርድ ላይ ግን ፈጽሞ አይገናኙም።
2. ሬዚስተሮቹን፣ ካፓሲተሮቹን፣ ኤልኢዲውንና ኮኔክተሩን አምጡ። ለ10 ማይክሮፋራዱ ፖላራይዝድ የሚለውን ሲምቦል ምረጡ።
3. ፒ ተጭናችሁ 9 ቮልትና ግራውንድ አስገቡ።
4. በወረቀታችሁ መሠረት አገናኙ፦ 4 እና 8 ወደ 9 ቮልት፣ 1 ወደ ግራውንድ፣ 2 እና 6 አንድ ላይ ሆነው ወደ 10 ማይክሮፋራዱ ፖዘቲቭ፣ የእሱ ኔጌቲቭ ወደ ግራውንድ፣ 5 በ10 ናኖፋራዱ በኩል ወደ ግራውንድ። ከ9 ቮልት ወደ 7 ባለ 1 ኪሎኦሙ፣ ከ7 ወደ 6 ባለ 68 ኪሎኦሙ። 3 በ470 ኦሙ በኩል ወደ ኤልኢዲው፣ ከዚያ ወደ ግራውንድ። የኮኔክተሩን ሁለት እግሮች ወደ 9 ቮልትና ወደ ግራውንድ ማገናኘቱን እንዳትረሱ።
5. ሌላ ቺፕ ስትጠቀሙ ሥራ የሌለው እግር ካለ ኪው ተጭናችሁ የመስቀል ምልክት አድርጉበት። እዚህ ሁሉም እግር ሥራ አለው።

ቀጥሎ ፉትፕሪንት፣ ማለትም እቃው ቦርዱ ላይ የሚያርፍበት የመዳብ ቅርጽ። ቺፑ ፉትፕሪንቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሬዚስተርና ካፓሲተር ግን ባዶ ናቸው፣ ምክንያቱም ኪካድ የእናንተ ሬዚስተር የቱን ያህል እንደሆነ አያውቅም።

1. ቱልስ ውስጥ አሳይን ፉትፕሪንትስ ክፈቱ። መሀል ላይ የእናንተ እቃዎች፣ በቀኝ በኩል ፉትፕሪንቶች ይታያሉ።
2. ለሬዚስተሮቹ አግድም የሚተኛውንና በእግሮቹ መካከል 10.16 ሚሊ ሜትር ያለውን ምረጡ። ለተለመደው ሩብ ዋት ሬዚስተር ይሆናል።
3. ለኤሌክትሮሊቲኩ በማስመሪያ የለካችሁትን ተከተሉ። ገና ካልገዛችሁ 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊ ሜትር የእግር ርቀት ያለውን ውሰዱ።
4. ለኤልኢዲው ባለ 5 ሚሊ ሜትሩን። ቁጥር 1 የሆነው እግር ካቶዱ፣ ማለትም ኔጌቲቩ መሆኑን አስታውሱ። ለሴራሚኩና ለኮኔክተሩም በእጃችሁ ባለው እቃ ልክ ምረጡ።
5. አፕላይ በሉና ሴቭ አድርጉ።

## ደረጃ 7፦ ኢአርሲ

ኢአርሲ የስኬማቲኩን ግንኙነቶች የሚፈትሽ ምርመራ ነው። ኢንስፔክት ውስጥ ኤሌክትሪካል ሩልስ ቼከርን ክፈቱና አስኪዱት። እስከዚህ ሁሉን በትክክል ብትሠሩም ሁለት ስህተት ይጠብቃችኋል፦ የ9 ቮልትና የግራውንድ መስመሮች ኃይል የሚሰጣቸው የለም ይላል።

ባትሪው አለ አይደል? አለ። ግን ኪካድ የሚያየው ኮኔክተር ነው፣ ኮኔክተር ደግሞ ለእሱ ዝም ያለ ሁለት እግር ነው፤ ማዶ ላይ ባትሪ ይሁን ስፒከር አያውቅም። ፒ ተጫኑና ፓወር ፍላግ የሚለውን አምጡ። አንዱን 9 ቮልቱ መስመር ላይ፣ አንዱን ግራውንዱ ላይ አገናኙ። ቦርዱ ላይ ምንም አይጨምርም። ኢአርሲውን ደግማችሁ አስኪዱት፣ ዜሮ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስህተቱን ችላ በል የሚል ምርጫ አለ። ዝርዝሩን አጽድቶ ደስ ያሰኛል፣ እቃው ግን እንደተበላሸ ይቀራል። ምን እንደሆነ ሳይገባችሁ አትጠቀሙበት። «አልተገናኘም» የሚል ስህተት ከሆነ ደግሞ ወደ ደረጃ 5 ተመልሳችሁ ግሪዱን እዩ።

## ደረጃ 8፦ የቦርዱን ሕግ ማውጣት

ኤፍ8ን ገና አትጫኑ። መጀመሪያ ፒሲቢ ኤዲተሩን ከፕሮጀክት ማኔጀሩ ክፈቱ፣ ፋይል ውስጥ ቦርድ ሴትአፕ ግቡ።

ሌየር። መዳቡን 2 ላይ ተዉት። ቤት ውስጥ ባለ አንድ ፊት ብትሠሩም 2 ይሁን፤ በኋላ ትራኩን የታችኛው መዳብ ላይ ብቻ ትስላላችሁ።

ኮንስትሬይንትስ። ይሄ የማይታለፈው ዝቅተኛ ልክ ነው። ለቤት ሥራ ዝቅተኛ ክፍተት 0.4፣ ዝቅተኛ የትራክ ስፋት 0.5 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ለፋብሪካ ከሆነ የመረጣችሁት ፋብሪካ ድረ ገጽ ላይ አቅሙን የሚገልጽ ገጽ አለ፣ ቁጥሮቹን ከዚያ ገልብጡ። የሌላ ሰው ቁጥር አትዋሱ። መዳብ ከቦርዱ ጠርዝ የሚርቅበትን 0.5 ላይ ተዉት።

ኔት ክላስ፣ ማለትም የመስመሮች ምድብ። ይሄ ደግሞ በተግባር የምትስሉበት ልክ ነው።

- ለቤት ሥራ፦ ዲፎልት ክሊራንስ (በመዳቦች መካከል ያለ ክፍተት) 0.5፣ ትራክ 0.8 ሚሊ ሜትር።
- ለፋብሪካ፦ ክሊራንስ 0.2፣ ትራክ 0.25፣ ቪያ (ሁለቱን የመዳብ ፊቶች የሚያገናኘው) 0.6 ከቀዳዳው 0.3 ጋር።
- ፓወር የሚባል ሌላ ክላስ ጨምሩ። ለቤት 1፣ ለፋብሪካ 0.5 ሚሊ ሜትር ትራክ ስጡት። ከታች ባለው ሰንጠረዥ የ9 ቮልቱንና የግራውንዱን መስመር ወደዚህ ክላስ መድቡ።

የኔት ክላስ ቁጥር ከኮንስትሬይንቱ በታች ከሆነ ራሳችሁ ባወጣችሁት ሕግ ራሳችሁ ትያዛላችሁ። ሁለቱን ገጾች አስተያዩ።

አሁን ወደ ካፓሲተሩ። ሰፋ ማለት ጥሩ ነው ብሎ ክሊራንሱን 1 ሚሊ ሜትር የሚያደርግ አለ። የቺፑ እግሮች 2.54 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ የእያንዳንዱ ፓድ ስፋት 1.6 ነው፣ በመካከላቸው የሚቀረው 0.94 ብቻ ነው። ስለዚህ ቺፑ ራሱ ገና ሲቀመጥ ሕግ ጥሷል፣ እናንተም ምን አጠፋሁ ትላላችሁ። ባለ 2 ሚሊ ሜትሩ ካፓሲተር ላይ ደግሞ የሚቀረው ወደ 0.4 ይወርዳል፤ 0.5 ክሊራንስ እንኳን አይችለውም። በእጃችሁ ያለው እሱ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፦ ክሊራንሱን 0.4 አድርጉት፣ ወይም የ2.5 ፉትፕሪንቱን ተጠቅማችሁ የካፓሲተሩን እግር ትንሽ ክፈት አድርጉት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቀጣዩን ቦርድ ስትሠሩ ይሄን ሁሉ ደግማችሁ አትጻፉ። ቦርድ ሴትአፕ መስኮቱ ግርጌ ላይ ከሌላ ቦርድ ሴቲንግ አምጣ የሚል አለ። የዛሬውን ፋይል ጠቁሙት።

## ደረጃ 9፦ ኤፍ8

1. ስኬማቲኩን ሴቭ አድርጉ።
2. ኤፍ8 ተጫኑ። መስኮት ይከፈትና ምን እንደሚጨምር ይዘረዝራል።
3. ዝርዝሩን አንብቡ። ቀይ ካለ አፕዴት አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፉትፕሪንት ያልተሰጠው እቃ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ ተመለሱ።
4. ንጹህ ከሆነ አፕዴት በሉ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ እቃዎቹ ተያይዘው ከማውሱ ጋር ይመጣሉ። ገጹ መሀል ላይ አንዴ ክሊክ አድርጉ።

እዚያ መስኮት ላይ ስኬማቲኩ ውስጥ የሌሉ ፉትፕሪንቶችን አጥፋ የሚል ሳጥን አለ። አሁን ምንም አያመጣም። በኋላ ግን የብሎን ቀዳዳ ቦርዱ ላይ በቀጥታ ከጨመራችሁ በኋላ ይህ ምልክት ተደርጎበት ኤፍ8 ብትሉ ቀዳዳዎቹ ጥርግ ብለው ይሄዳሉ።

## ደረጃ 10፦ የቦርዱ ጠርዝ

1. በቀኝ በኩል ካሉት ሌየሮች ኤጅ ከትስን ምረጡ። ሌላ ሌየር ላይ የተሳለ ጠርዝ ጌጥ ነው።
2. የሬክታንግል መሣሪያውን ወስዳችሁ 50 በ40 ሚሊ ሜትር ሳሉ። ለዚህ ሰርኪዩት ሰፊ ነው፣ ለጀማሪ ይመቻል። አሃዱ ኢንች ሆኖ ካገኛችሁት ኮንትሮል እና ዩ ይቀይረዋል።
3. እቃዎቹን ወደ ውስጥ አስገቡ።
4. አልት እና 3 ተጭናችሁ በ3ዲ እዩት።

ከተበላሸ፦ ዲአርሲ የቦርዱ ጠርዝ ትክክል አይደለም ካለ አልተዘጋም ማለት ነው። በመስመር መሣሪያ አራት መስመር ስትስሉ ጫፎቹ ሳይነካኩ ይቀራሉ። ጥገና ውስጥ አትግቡ፣ አጥፉትና በሬክታንግል ሳሉት።

አሁን ዲአርሲውን አስኪዱ። ያልተገናኙ የሚለው ገጽ ሙሉ ይሆናል፤ ትራክ ስላልሳላችሁ ነው፣ ተዉት። የጥሰቶች ገጽ ላይ ግን የክሊራንስ ስህተት መኖር የለበትም። ካለ ደረጃ 8 ላይ የሆነ ቁጥር ተሳስቷል፣ ትራክ ሳትጀምሩ አስተካክሉት።

## መብራት ሲሄድ

ሥራ ላይ እያላችሁ መብራት ከጠፋ፣ ኪካድን መልሳችሁ ስትከፍቱ ሁለት ነገር ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ፋይሉ በሌላ ሰው ተከፍቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ሌላ ሰው የለም፤ ከመጥፋቱ በፊት የነበራችሁት ራሳችሁ ናችሁ፣ የመቆለፊያ ፋይሉ ሳይነሳ ስለቀረ ነው። ፋይሉ የጋራ ኔትወርክ ላይ ካልሆነ የግድ ክፈት በሉት። ሁለተኛው በራሱ ያስቀመጠውን ልመልስ ወይ የሚል ጥያቄ ነው። አዎ በሉ፣ ከዚያ ወዲያው ሴቭ አድርጉ።

ከዚህም በላይ ከተበላሸ በ8 እና በ9 ላይ ፕሮጀክቱ ውስጥ በስሙ ላይ ባካፕስ የሚል የተጨመረበት ፎልደር አለ። ውስጡ በቀንና በሰዓት የተሰየሙ ዚፕ ፋይሎች ናቸው። የመጨረሻውን ሌላ ቦታ ፍቱት፣ ያለውን ሳትነኩ።

## ደረጃ 11፦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውሰድ

የቦርዱን ፋይል ብቻ አንስታችሁ አትሂዱ። ከፕሮጀክት ማኔጀሩ ፋይል ውስጥ አርካይቭ ፕሮጀክት በሉ። ሁሉንም በአንድ ዚፕ ያደርግላችኋል። ፍላሹ ላይ ዚፑን ገልብጡ። እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ዚፑ ውስጥ ሆናችሁ አትክፈቱት፤ መጀመሪያ አንአርካይቭ በሚለው ወደ ባዶ ፎልደር ፍቱት፣ ከዚያ የፕሮጀክት ፋይሉን ክፈቱ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ግን ዚፑን እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ አንዴ ፈትታችሁ ሞክሩት፣ ከኔት ያወረዳችኋቸው ሲምቦሎች ሊብ ፎልደሩ ውስጥ መኖራቸውንም እዩ።